የቶሮንቶው ሆኪ ሆል ኦፍ ፌም፦ ለዋንጫው ብቻ ብላችሁ አትሂዱ

ቶሮንቶ እየኖራችሁ ዳውንታውን ያለውን የሆኪ ሆል ኦፍ ፌም (የበረዶ ላይ ሆኪ ታላላቆች የሚታሰቡበት ሙዚየም) እስካሁን ካላያችሁት ይህን ጽሑፍ አንብቡት። በተለይ «እኔ ሆኪ አልከታተልም፣ እዛ ሄጄ ምን ልሠራ?» የምትሉ። እኔ ሂዱ ነው የምለው። ግን አካሄድ አለው። አብዛኛው ሰው ይገባል፣ የሊጉ ሻምፒዮን የሚወስደው ዋንጫ፣ ስታንሊ ካፕ፣ አጠገብ ቆሞ ፎቶ ይነሳል፣ ልጆቹን ትንሽ ያጫውታል፣ ይወጣል። እንደዛ ከሆነ ከከፈላችሁት ግማሹን ጥላችሁ ነው የምትወጡት። ቦታው የሚጥመው የአንድ ተጫዋች የሥራ ዘመን ከጫፍ እስከ ጫፍ ምን እንደሚመስል ለማየት ስትገቡ ነው። በስንት ዓመቱ ጀመረ፣ ስንት ዓመት ቆየ፣ ምን አገኘ፣ አካሉ ምን ከፈለ፣ እንዴትስ ወጣ። ይህን ጥያቄ ይዛችሁ ከገባችሁ ሆኪ ባታውቁም ሰዓቱ እንዴት እንደሚሄድ አይታወቃችሁም።

መጀመሪያ አድራሻው። ያንግ እና ፍሮንት ጎዳናዎች የሚገናኙበት ጥግ ላይ ነው። ከዩኒየን ጣቢያ በእግር ትንሽ ነው። ሕንፃው ከውጭ ሲታይ የድሮ ባንክ ይመስላል፣ ነበርም። በ1885 የተሠራ የባንክ ኦፍ ሞንትሪያል ቅርንጫፍ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ሙዚየሙ እዚህ የገባው በ1993 ነው፤ ከዚያ በፊት ከ1961 ጀምሮ ኤግዚቢሽን ፕሌስ ነበር። ግን በባንኩ በር ልግባ ብላችሁ እንዳትቸገሩ። መግቢያው ብሩክፊልድ ፕሌስ ከሚባለው ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ወደ ታችኛው ፎቅ ወርዳችሁ ነው የምትገቡት። ክረምት ከሆነ ከዩኒየን ጣቢያ በምድር ውስጡ መተላለፊያ መምጣት ትችላላችሁ፣ ብርድ ሳይነካችሁ። በነገራችን ላይ የብሩክፊልድ ፕሌስ የመስታወት ጣሪያ ሳንቲያጎ ካላትራቫ የነደፈው ነው። ቀና ብላችሁ ሳታዩት አትለፉ።

ከገባችሁ በኋላ የኔ ምክር በቀጥታ ወደ ላይ፣ ወደ ትልቁ አዳራሽ መውጣት ነው። የድሮው ባንክ አዳራሽ ነው፤ ከላይ ባለቀለም መስታወት ጉልላት አለው። ግድግዳው ዙሪያውን የተመረጡት ሰዎች መታሰቢያ ነው፤ መስታወት ላይ የተቀረጸ ፊት፣ ስም፣ አጭር ታሪክ። እዚህ ግድግዳ ላይ መውጣት ቀልድ አይደለም። አንድ ተጫዋች ጨዋታ ካቆመ ቢያንስ 3 ዓመት ማለፍ አለበት። መራጮቹ 18 ናቸው፣ ከእነሱ 14ቱ መስማማት አለባቸው። በአንድ ዓመት ከወንድ ተጫዋቾች ከ4 በላይ፣ ከሴቶች ከ2 በላይ አይገባም። የዓለም ሆኪ ተጫዋች ስንት እንደሆነ አስቡና ይህን ቁጥር እዩት።

ወደዚህ የሚያደርሰው መንገድ ራሱ ረጅም ነው። ካናዳ ውስጥ ጎበዝ የተባለ ልጅ በ16 ዓመቱ አካባቢ ከቤቱ ወጥቶ፣ ብዙ ጊዜ ሌላ ከተማ የማያውቀው ቤተሰብ ዘንድ እያደረ፣ በአውቶቡስ እየተጓዘ በጁኒየር ሊግ ይጫወታል። በ18 ዓመቱ ለድራፍት ይቀርባል። ድራፍት ማለት ቡድኖቹ በተራ በተራ ወጣቶችን የሚመርጡበት ቀን ነው፤ 32 ቡድን፣ 7 ዙር፣ በጠቅላላው 224 ስም። ከ224ቱ ብዙዎቹ ኤን ኤች ኤል (የሰሜን አሜሪካው ዋናው የሆኪ ሊግ) ውስጥ ስማቸው ሳይጠራ ነው የሚቀረው። የቀሩት በታችኛው ሊግ ዓመታት ያሳልፋሉ፣ አንዳንዱ ወደ አውሮፓ ይሄዳል፣ አንዳንዱ ትምህርቱን ይቀጥላል። ላይ የደረሰ ደግሞ ጥሩ ይከፈለዋል፤ በ2024-25 የውድድር ዘመን የኤን ኤች ኤል ዝቅተኛ ደሞዝ 775,000 የአሜሪካ ዶላር ነበር። ግን ከ80 በላይ ጨዋታ ነው በአንድ ዓመት፣ ከግድግዳ ጋር እየተላተሙ፣ ዛሬ ካልጋሪ ነገ ኤድመንተን። ይህን በጭንቅላታችሁ ይዛችሁ ግድግዳውን ስታነቡ «ዌይን ግሬትስኪ፣ 20 የውድድር ዘመን፣ 1,487 ጨዋታ» የሚለው ሌላ ክብደት ያገኛል።

ግሬትስኪን ማለፍ ስለማይቻል ባጭሩ። 894 ጎል አግብቷል፣ 1,963 ጊዜ ደግሞ ለጎል አቀብሏል። የጎሉን ሪኮርድ አሌክሳንደር ኦቬችኪን በኤፕሪል 2025 ሰብሮበታል። የማቀበሉን ግን ማን እንደሚሰብረው እንጃ፤ ጎሎቹ በሙሉ ቢሰረዙበት እንኳ ያቀበለው ብቻ ከማንኛውም ሌላ ተጫዋች ጠቅላላ ነጥብ (ጎሉና ያቀበለው ተደምሮ) ይበልጣል። በ1999 ጫማውን ሲሰቅል 3 ዓመት ጠብቅ አላሉትም፣ በዚያው ዓመት አስገቡት። ከእሱ በኋላ ይህ ለማንም አልተደረገም። እሺ፣ ግሬትስኪ ግሬትስኪ ነው። ልጆቹም ወላጆቹም እሱ ጋ ነው የሚሰበሰቡት። እናንተ ግን ትንሽ ራመድ በሉና ዊሊ ኦሪን ፈልጉ።

እኔ ይህን ቦታ የወደድኩት በዊሊ ኦሪ ነው። በ1935 ፍሬደሪክተን፣ ኒው ብራንዝዊክ ተወለደ። ጃንዋሪ 18 ቀን 1958 ሞንትሪያል ፎረም ላይ የቦስተን ብሩይንስን ማሊያ ለብሶ ሲገባ በኤን ኤች ኤል የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሆነ። በኤን ኤች ኤል የተጫወተው በድምሩ 45 ጨዋታ ነው። 4 ጎል፣ 10 ያቀበለው። በቃ። በቁጥር ብቻ ብትሄዱ ይህ ሰው እዚህ ግድግዳ አጠገብ አይደርስም። ነገር ግን ቁጥሩ የማይናገረው አለ። ወደ ኤን ኤች ኤል ከመግባቱ ሁለት ዓመት በፊት ፓክ (በሆኪ በኳስ ፈንታ የሚመታው ጠንካራ ጠፍጣፋ ጎማ) ፊቱን መቶት የቀኝ ዓይኑ ብርሃን ጠፍቶ ነበር። ሐኪሙ ጨዋታ በቃህ ብሎታል። እሱ ግን ለማንም ሳይናገር ቀጠለ፣ ምክንያቱም ቢታወቅ አያስገቡትም።

ቆም ብላችሁ አስቡት። የግራ ክንፍ ተጫዋች ነበር። የግራ ክንፍ ላይ ከሆንክ ጨዋታው ያለው በቀኝህ ነው፤ ፓኩ የሚመጣው ከቀኝ፣ ሊመታህ የሚመጣውም ከቀኝ። የማያየው ደግሞ በቀኙ ነው። ስለዚህ ፓክ ለመቀበል አንገቱን ሙሉ በሙሉ ማዞር ነበረበት፣ በዚያ ፍጥነት፣ በረዶ ላይ። በተመልካችና በተጋጣሚ የሚወርድበት ስድብ ሳይቆጠር ነው ይሄ። በኋላ በዌስተርን ሆኪ ሊግ ለሎስ አንጀለስ ብሌድስ ሲጫወት አሰልጣኙ ወደ ቀኝ ክንፍ አዛወረው። ጨዋታው በሙሉ በሚያየው በግራ ዓይኑ በኩል ሆነለት፤ የሊጉ ከፍተኛ ጎል አግቢም ሆነ። ከዚያ ሳን ዲዬጎ ሄደ። ጫማውን የሰቀለው በ1979 ነው፣ በ43 ዓመቱ። እና ያ ሁሉ ዓመት በኤን ኤች ኤል መዝገብ ላይ የለም፤ መዝገቡ የሚያውቀው 45ቱን ብቻ ነው።

የእህቴን ልጅ ይዤው ነበር የሄድኩት፤ እሱ ራሱ ሆኪ ይጫወታል። ይህን ታሪክ ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝና የቀኝ ዓይኑን በእጁ ሸፈነ። «አጎቴ፣ በቀኜ በኩል ቁምና አንድ ነገር ወርውርልኝ» አለኝ። የሙዚየሙን ካርታ ጠቅልዬ ወረወርኩለት። ጆሮውን መትቶ ወደቀ። «ድገመው።» ደገምኩት። አሁንም አልያዘውም። በሦስተኛው አንገቱን ጠምዞ ሲይዘው ሚዛኑን ስቶ እኔ ላይ ተደገፈ፤ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ እንኳ አላደረገም፣ ደረቅ ወለል ላይ ነው። ከዚያ በግራው በኩል አዞረኝና በአንድ እጁ ቀለብ አደረገው። «አሁን ገባኝ» አለ። እኔም የገባኝ ያኔ ነው፤ ስለ ኦሪ ስሰማ ስንት ዓመት ሆኖኛል፣ ግን ቁጥሩን እንጂ አንገቱን አስቤው አላውቅም ነበር።

ኦሪ ሆል ኦፍ ፌም የገባው በ2018 ነው፤ ያውም በተጫዋችነት ሳይሆን ጨዋታውን ከገነቡት ተርታ። ጫማውን ከሰቀለ በኋላ በሰሜን አሜሪካ ከተማ ለከተማ እየዞረ ሆኪ ላልደረሳቸው ልጆች ያስተማረበት ሥራ ነው ያስመረጠው። ቦስተን 22 ቁጥር ማሊያውን ሌላ እንዳይለብሰው ብሎ የሰቀለለት በጃንዋሪ 2022 ነው። ከእሱ ቀጥሎ በኤን ኤች ኤል የተጫወተው ጥቁር ማይክ ማርሰን ሲሆን፣ የገባው በ1974 ነው። ኦሪ በኤን ኤች ኤል ለመጨረሻ ጊዜ ከተጫወተበት ከ1961 ብትቆጥሩ በመሃል 13 ዓመት አለ። በተጫዋችነት ተመርጦ እዚህ ግድግዳ ላይ የወጣ የመጀመሪያው ጥቁር ደግሞ በረኛው ግራንት ፉር ነው፣ በ2003፤ ከኤድመንተን ኦይለርስ ጋር 5 ዋንጫ አለው። በዚያው እያላችሁ ኸርብ ካርኔጊን ፈልጉ። የቶሮንቶ ልጅ ነው። በ1940ዎቹ ኩቤክ ውስጥ ከወንድሙ ኦሲና ከማኒ ማክንታየር ጋር ሦስቱም ጥቁር የሆኑበት የአጥቂ መስመር ሠርቶ ሰውን ጉድ ያሰኘ ተጫዋች ነው። ኤን ኤች ኤል ግን አንድም ጨዋታ አልተጫወተም። በ2022 ገባ፣ ከሞተ ከ10 ዓመት በኋላ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከሄዳችሁ እነዚህን ሦስቱን ሳታሳዩአቸው አትውጡ። የምሬን ነው።

የሥራ ዘመን ርዝመት በዚህ ግድግዳ ላይ እንዴት እንደሚለያይ ማየት ራሱ ይገርማል። ቦቢ ኦር በ30 ዓመቱ አለቀ። ተከላካይ ሆኖ እንደ አጥቂ የሚያጠቃ፣ ብዙዎች የምንጊዜም ምርጥ የሚሉት ሰው ነው፤ ጉልበቱ ግን ተደጋግሞ ተቀዶ አልሆን አለው። 657 ጨዋታ ብቻ። በ31 ዓመቱ ሆል ኦፍ ፌም ገባ፣ ሌላው ገና ውል የሚፈራረምበት ዕድሜ ላይ። ጎርዲ ሃውን ደግሞ እዩ። በ1946 ከዲትሮይት ጋር ጀመረ፣ በ1971 አቆመ፣ በ1972 እዚህ ገባ። ታሪኩ አበቃ ስትሉ በ1973 ተመልሶ ከሁለት ልጆቹ ከማርክና ከማርቲ ጋር በአንድ ቡድን ተሰልፏል። በ1979-80 ለሃርትፎርድ 80ውንም ጨዋታ ተጫውቶ 15 ጎል ሲያገባ ያን ዓመት 52 ዓመት ሞላው። ልጁ ማርክም በ2011 እዚሁ ግድግዳ ላይ ወጥቷል። ያሮሚር ያግርስ? ፈልጋችሁ አታገኙትም። 1,921 ነጥብ አለው፣ ከግሬትስኪ ቀጥሎ ሁለተኛ ነው፤ ግን ጫማ መስቀል እምቢ ብሎ ከ50 ዓመቱ በኋላም በተወለደባት ክላድኖ ሲጫወት ስለነበረ የ3 ዓመቱ ቆጠራ አልጀመረለትም። እኔ ይህን ሳስብ ያግርን የበለጠ ነው የምወደው።

አሁን ወደ ዋንጫው። ስታንሊ ካፕ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ነው። በ1892 የካናዳ ጠቅላይ ገዢ የነበሩት ሎርድ ስታንሊ ያበረከቱት ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሸለመው በ1893 ነው። ክብደቱ 15.5 ኪሎ ገደማ ነው። ቀርባችሁ መንካት ትችላላችሁ፣ ማንም አይቆጣችሁም። ተጫዋቾቹ ግን ሳያሸንፉት አይነኩትም፤ ገድ ያሳጣል ይላሉ። አንዳንድ ጊዜ ዋንጫው ጉዞ ላይ ይሆናል፣ ምክንያቱም ያሸነፈ ቡድን ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ተጫዋች የውድድር ዘመኑ ካለቀ በኋላ ባለው እረፍት ለአንድ ቀን ይወስደዋል፣ ወደ ተወለደበት መንደር፣ ወደ እናቱ ቤት። ያኔ ቅጂው ነው የሚቀመጠው። እውነተኛውን ማየት የግድ የሚላችሁ ከሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ፎቶ ተነስታችሁ እንዳትሄዱ፤ ጎንበስ ብላችሁ ጽሑፉን አንብቡ። ስም ነው ከላይ እስከ ታች። ስም ለማስቀረጽ ተጫዋቹ በዚያ ዓመት ለቡድኑ 41 ጨዋታ ወይም በፍጻሜው ቢያንስ አንድ ጨዋታ መጫወት አለበት። የ1972ቱን ፈልጉ፣ የቦስተን ብሩይንስ ዓመት ነው፣ ቦቢ ኦርም አለበት። የቡድኑ ስም ላይ ቀራጩ ኦ የሚለው ፊደል ቦታ ሁለቴ ኪው ቀርጾበታል። በ1981ም የኒውዮርክ አይላንደርስ ስም አንድ ፊደል ጎድሎታል። ሰው ዕድሜ ልኩን የሚሮጥለት ነገር ላይ የፊደል ስህተት! እኔ ግን ደስ ነው ያለኝ፤ በሰው እጅ የተሠራ መሆኑን በጣታችሁ ዳሳችሁ ታረጋግጣላችሁ። የሬይ ቦርክን ስምም ፈልጉ፣ 2001 ኮሎራዶ ላይ ነው። 21 የውድድር ዘመን ተጫውቶ ዋንጫ ያላገኘ ሰው ነው። በ22ኛው ሲያሸንፉ አምበሉ ጆ ሳኪክ ዋንጫውን ተቀብሎ እንደ ወጉ ከፍ አድርጎ ማሳየት ሲገባው፣ ቀጥታ ለቦርክ አቀበለው። ቦርክ ከዚያ በኋላ አልተጫወተም።

ብዙ ሰው ሳያየው የሚወጣው ክፍል ደግሞ የድሮው የባንክ ካዝና ነው። ወፍራም የብረት በሩ እስካሁን አለ። ውስጡ ሎርድ ስታንሊ የሰጡት የመጀመሪያው ትንሽ ጎድጓዳ ሳህን አለ፤ አርጅቶ በቀላሉ የሚሰበር ስለሆነ ነው ከዋንጫው ጫፍ ወርዶ በሌላ የተተካው። ከጎኑ ከዋንጫው የተነቀሉት የብር ቀለበቶች አሉ። ነገሩ እንዲህ ነው። ዋንጫው ግንድ ላይ 5 ሰፋፊ ቀለበቶች አሉ፤ እያንዳንዱ የ13 አሸናፊዎችን ስም ይይዛል። ታችኛው ሲሞላ አሮጌው ከላይ ተነቅሎ እዚህ ይገባል፣ አዲስ ከታች ይጨመራል። ካልሆነ ዋንጫው ሰው የማያነሳው ግንድ ይሆን ነበር። በ2018 ከ1954 እስከ 1965 ያሉት ስሞች ወጡ፤ ጎርዲ ሃውና ሞሪስ ሪሻር ከዋንጫው ላይ የጠፉት ያኔ ነው። ሃው የሚያህል ሰው! የነዚህ ሁለት ሰዎች ስም ዋንጫው ላይ የለም፣ ካዝናው ውስጥ ነው ያለው። እኔ ከሙዚየሙ ሁሉ ረጅሙን ጊዜ የቆምኩት እዚህ ነው። የ1950ዎቹን ስሞች ብርሃን ስር አንድ በአንድ ማንበብ ትችላላችሁ፤ በ1955 የዲትሮይት ፕሬዚዳንት የነበረችው የማርጋሪት ኖሪስ ስም አለ፣ ዋንጫው ላይ የተቀረጸች የመጀመሪያዋ ሴት ናት።

ስለ ገንዘቡ ጉዳይም ሳልናገር አላልፍም፣ ምክንያቱም ግድግዳው ላይ ያሉት የድሮ ሰዎች እንደ ዛሬዎቹ ሀብታም አልነበሩም። የውድድር ዘመኑ ካለቀ በኋላ ባለው እረፍት ሌላ ሥራ ይሠሩ ነበር። በየጥጉ ቡና የምንጠጣበትን ቲም ሆርተንስ የጀመረው ቲም ሆርተን የቶሮንቶ ሜፕል ሊፍስ ተከላካይ ነበር፤ የመጀመሪያውን የዶናት ቤት በ1964 ሃሚልተን ላይ ሲከፍት ገና እየተጫወተ ነው። 4 ዋንጫ አለው። በ1974፣ አሁንም ተጫዋች እያለ፣ በመኪና አደጋ ሞተ። ስሙን በቀን ስንቴ እንጠራዋለን፣ ፊቱን የሚያውቅ ግን ስንት ሰው ነው? ግድግዳው ላይ አለላችሁ።

ቴድ ሊንዚም አለ። በአገራችን በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል፤ የሆኪ ጌቶች ግን ተቆጡ። ሊንዚ በ1957 ተጫዋቾቹ ማኅበር ያቋቁሙ ብሎ ሲነሳ ዲትሮይት ወዲያው ወደ ቺካጎ ሸጠው፣ ያን ጊዜ ቺካጎ የሊጉ ጭራ ነበር። ማኅበሩ በ1967 በሌሎች እጅ እስኪቋቋም 10 ዓመት ፈጀ። ይኸው ሊንዚ በ1966 ሆል ኦፍ ፌም ሲመረጥ ግብዣው ለወንዶች ብቻ ነው፣ ሚስትህና ልጆችህ አይገቡም ተባለ። እንግዲያው እኔም አልመጣም ብሎ ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት ደንቡ ተለወጠ። መታሰቢያውን ሳነብ ያሰብኩት ጎሎቹን አልነበረም።

ሴቶቹ የተመረጡት በ2010 ነው ለመጀመሪያ ጊዜ፤ አሜሪካዊቷ ካሚ ግራናቶና የቶሮንቶዋ አንጄላ ጄምስ። አንጄላ በ1990 ኦታዋ ላይ በተደረገው የመጀመሪያው የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና በ5 ጨዋታ 11 ጎል አግብታለች። ግን በዘመኗ ከዚህ የሚገኝ ደሞዝ አልነበረም፤ ሴኔካ ኮሌጅ እየሠራች ነው የተጫወተችው። ዛሬ ሴት ልጅ ያላችሁ ይህን አሳዩዋትና ከዚያ በ2024 የጀመረውን የሴቶች ፕሮፌሽናል ሊግ ጨዋታ ውሰዷት፣ ቶሮንቶ ቡድን አላት።

ለልጆች የሚሆነው ክፍል ከታች ነው። ስክሪን ላይ ባለ በረኛ ላይ እውነተኛ ስቲክ (የሆኪ ዱላ) ይዞ ፓክ መምታት አለ፤ በተቃራኒው ደግሞ በረኛ ሆኖ ለስላሳ ፓክ መመለስም አለ። እንደ ስፖርት ጋዜጠኛ ጨዋታ ማስተላለፍ የሚሞከርበትም አለ። የድሮው የሞንትሪያል ካናዲየንስ የመልበሻ ክፍል አምሳያ ተሠርቷል፣ ገብታችሁ ወንበሩ ላይ ቁጭ ትላላችሁ። የበረኞቹን ማስክ አትዝለሉ። ዣክ ፕላንት በኖቬምበር 1959 ኒውዮርክ ላይ በአንዲ ባዝጌት ምት ፊቱ ተተርትሮ፣ ተሰፍቶ ሲመለስ ማስክ ካላደረግሁ አልገባም እስኪል ድረስ በረኞች በባዶ ፊታቸው ነበር የሚቆሙት። ግሌን ሆል ያለ ማስክ፣ አንድም ሳይቀር በተከታታይ 502 ጨዋታ በረኛ ሆኖ ቆሟል። ማስኩን አይታችሁ ይህን ቁጥር ስትሰሙ ሆዳችሁ ይጨማደዳል።

የሚጎድለው ምንድነው ካላችሁ፣ ለእኔ አንድ ነገር ነው። ስሙም እንደሚለው ይህ የተመረጡት ቤት ነው። ጁኒየር ሊግ ውስጥ ጥርሱ ረግፎ የቀረው ልጅ፣ ታችኛው ሊግ ላይ 10 ዓመት አውቶቡስ ላይ ያደረው፣ ራሱን ተመትቶ በ24 ዓመቱ ያቆመው፣ ኤን ኤች ኤል አንዲት ጨዋታ ተጫውቶ የተመለሰው፣ የሆኪ ተጫዋች ሕይወት ለብዙዎቹ ይሄ ነው። ለእነሱ ግድግዳ የለም። ለዚህ ነው ኦሪንና ካርኔጊን እንድትፈልጉ የምወተውታችሁ፣ ወደዚያኛው ሕይወት የሚያስገባ በር እነሱ ናቸው። ልጃችሁ ሆኪ የሚጫወት ከሆነና «እኔም ግሬትስኪ እሆናለሁ» ካለ አትከልክሉት፣ ግን የ224ቱንም ሂሳብ ንገሩት፣ በልኩ፣ ሳታስደነግጡት።

እኔ ከ5 4 ተኩል ሰጥቼዋለሁ። ሆኪ የማይወድ አዋቂ ብቻውን ቢሄድ ምናልባት 3 ተኩል ይሰጠው ይሆናል። ከልጆች ጋር ግን ሙሉ ነው።

ለጉዞው የሚጠቅሙ ነገሮች። የትኬቱን ዋጋና ሰዓቱን ከመሄዳችሁ በፊት ድረ ገጹ ላይ እዩ፣ ይለዋወጣል። ቢያንስ ሦስት ሰዓት ያዙ። ቅዳሜና እሁድ ወይም ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከሆነ በጠዋት ግቡ፣ ስቲክ ለመያዝ የሚሰለፈው ሰው ብዙ ነው። ኖቬምበር ውስጥ አዳዲሶቹ የሚገቡበት ቅዳሜና እሁድ አለ፤ የድሮ ተጫዋቾችን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ያኔ ሂዱ፣ ሰው መጋፋት ከማትወዱት ወገን ከሆናችሁ ደግሞ ያን ሳምንት ዝለሉት። ካዝናው ትልቁ አዳራሽ ጥግ ላይ ነው፤ በሩ ክፍት ስለሆነ ማስፈቀድ አያስፈልግም። የፎቶ ሰልፉ ላይ ከመግባታችሁ በፊት እሱን ጨርሱ።